የተማሪ በዓል፦ ደብረ ታቦር በቡሄ ሰሞን

ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ከወጣ ሰው ጋር በተገናኘሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ «ደብረ ታቦር ስትማር ቡሄን አይተሃል?» መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ «ኧረ የት! ነሐሴ እኮ ቤት ነን።» እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሰኔ ሲያልቅ ሻንጣችንን ይዘን ወደየአገራችን እንበተናለን። ስንመለስ ከተማዋ በዓሏን ጨርሳ ትጠብቀናለች። በዓሉን ያዩት የክረምት ተማሪዎች፣ እዚያው የከረሙ መምህራን፣ በኋላም በኮሮና ምክንያት የትምህርት ካላንደሩ ሲዛነፍ ነሐሴን ግቢ ውስጥ ያሳለፉ ታናናሾቻችን ናቸው።

ነገሩ የሚያስቆጨው ሌላ ምክንያትም ስላለው ነው። ያመለጠን በዓል ከተማዋ የተሰየመችበት ብቻ አይደለም፤ ከጥንትም የተማሪ በዓል ነው።

ደብረ ታቦር የሚለው ስም ገሊላ ካለው ከታቦር ተራራ የመጣ ነው። ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወጥቶ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ተራራ ነው ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያንም ነሐሴ 13 ታስበዋለች። ሕዝቡ ይህን ታሪክ በእጁ በያዘው ነገር ይተርከዋል። ችቦው የዚያ ብርሃን ምሳሌ ነው። የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል። ሙልሙል ዳቦው ደግሞ ብርሃኑ ሲበራ ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው ከብት እየጠበቁ በዚያው ለቀሩ እረኞች እናቶቻቸው ይዘውላቸው የሄዱት ስንቅ ነው።

የአብነት ተማሪዎች ታዲያ በዓሉን «የራሳችን ነው» ይሉታል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ መምህሩ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወጥቶ ምሥጢሩን የገለጠላቸው በዚህ ቀን ነው። በዓሉ ሲቃረብ ተማሪው «ስለ ደብረ ታቦር» እያለ በየደጁ እህል ይለምናል፤ ካገኘው ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ መምህሩንና ሕዝቡን ይጋብዛል። ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ሲያይ የኖረ ልጅ በዚያች ቀን ጋባዥ ይሆናል ማለት ነው። አካባቢው የተማሪ አገር መሆኑንም አንርሳ። የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ሁለቱም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ። እኛ ከመምጣታችን ከብዙ ዘመን በፊት ከሩቅ አገር ለትምህርት የሚመጣ ልጅ በዚህ ደጋ ሲመላለስ ኖሯል።

የከተማዋ የፖለቲካ ታሪክ ግን የድግስና የመፍረስ ታሪክ ነው። ከ200 ዓመት በፊት ገደማ የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ መናገሻቸው አደረጓት። ጎንደር ላይ ንጉሥ በስም ተቀምጦ ሳለ ሥልጣኑ ያለው ደብረ ታቦር ነበር። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ መጥተው የራስ ጉግሣን የልጅ ልጅ ራስ አሊን እዚሁ ድል አደረጉ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ውቤ ድላቸውን በማክበር ላይ ሳሉ ግን የራስ አሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊው በገዛ ድግሱ ላይ እስረኛ ሆነ።

ቀጥለው ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። ከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስወረዱ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጠሏት፤ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በጋይንት በኩል አልፈው ሄዱ። ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሰመራ ላይ ቤተ መንግሥት ሠሩ፤ በ1872 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጎርዶን የመጣው እዚሁ ነው። በየዘመኑ ጌታው ይሠራል፤ ይደግሳል፤ ይሄዳል፤ አለዚያም ያቃጥላል።

ከዚያ ሁሉ ግብር እስከ ዛሬ የተበላ የለም። ሙልሙሉ ግን ዛሬም ይጋገራል። እንዴት ተረፈ? ለእኔ መልሱ የአሠራሩ ነገር ነው። ቡሄ ማዕከል የለውም። ሹም አይጠራውም፤ በጀት አይፈልግም። እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ዳቦ ይጋግራል፣ እያንዳንዱ ሰፈር ጥቂት ልጆች አሉት። ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል ጓዳው ካልጠፋ በዓሉ አለ።

እስቲ ሰሞኑን በቅደም ተከተል እንየው። የክረምቱ ዝናብ በበረታበት ወቅት ልጆች ከቃጫ ወይም ከልጥ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ከሰፈር ሰፈር፣ ከጋራ ጋራ እያጮሁ ይፎካከራሉ። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይበራል። ከከተማዋ ከፍታ፣ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ፣ ቆሞ የሚያይ ሰው በየሸንተረሩ የእሳት ነጥብ ይቆጥራል። ልጆቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ አውራጁ የባለቤቱን ደግነት እዚያው ፈጥሮ ያወድሳል፣ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ። ንፉጉን በነገር መንካትም አለ። ልጅ የቃል ግጥም የሚማርበት ትምህርት ቤት ይኸው ነው፤ ፈተናው ዳቦ ነው። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን በማኅሌትና በቅዳሴ ታከብራለች።

ምግቡ የጾም መሆኑም ልብ ይባል። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅቤም ሥጋም የለም። የቡሄ ግብዣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ጠላ ነው። ድሀውም ባለጠጋውም አንድ ዓይነት ምግብ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ነሐሴ 16 ጾሙ ይፈታል። ያን ቀን ደግሞ ከእኛ በስተምሥራቅ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ ይጀምራል፤ ጨዋታውን ልጃገረዶች ይረከባሉ።

በዓሉ ክፉ ቀንም አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ መጣ፤ ንፋስ መውጫ ተያዘች፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ሰላማዊ ሰዎች በቤታቸው ሞቱ። ጅራፍ በሚጮህበት ወር የመድፍ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ነጎድጓድን በጨዋታ የሚመስል ልጅ እውነተኛውን ፍንዳታ ሲለምድ ምን እንደሚሰማው እናንተ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ በክፍላችሁ ተቀምጦ አይታችሁታልና።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። በቅርብ ዓመታት ቡሄን በደብረ ታቦር በመድረክ፣ በዐውደ ርእይና በእንግዳ አጅቦ የማክበር ልማድ መጥቷል። አልቃወመውም። ሆቴሉ ይሠራል፣ ሸማኔው ይሸጣል፣ የከተማዋ ስም ይነሣል። ሥጋቴ አንድ ነው፤ ልጁ ከደጅ ተነሥቶ መድረክ ላይ ከወጣ ማን በር ያንኳኳል? አሁንም ቢሆን በከተማው ዳቦ የሚሰጠው ቀንሷል፤ ሳንቲምና ብር ይበዛል። ገንዘብ ያለው ሁሉ ይሰጣል፤ ሙልሙል ግን የሚሰጠው አስቀድሞ ያሰበ፣ ያቦካና የጠበቀ ሰው ነው። ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላ በዓሉን ያቆየው ይህ መጠባበቅ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት፣ የሚቀጥለው መገናኘታችን በጥር ወይም በሰኔ አይሁን፤ ነሐሴ 12 ማታ ይሁን። አዳራሽ አንከራይ። በተማሪነታችን ቤት ያከራዩንን፣ ሽሮ በዱቤ ያበሉንን እናቶች ደጅ እናንኳኳ፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደ አብነት ተማሪው ጋባዦቹ እኛ እንሁን። ዳቦውን እኛ እንጋግር። እንዴት እንደሚጋገር የማያውቅ ካለ ያኔ አብሮ ይማራል።

ከዓመት ዓመት ያድርሰን።