የጋፋት ባለእጆች

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ጀርመናዊውን ሚሲዮናዊ ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ሲልኩት ሚስቱንና ልጆቹን በእጃቸው አስቀርተው ነበር። ጥያቄያቸውም ባለእጆችና የሥራ መሣሪያ ይላኩልኝ የሚል ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የታሰሩበትን ሰዎች ለማስፈታት ሲል እሺ አለ። ባለሙያዎች ተቀጠሩ፤ ዕቃው ተገዛ፤ ሰዎቹም እስከ ምጽዋ ድረስ መጡ። ነገር ግን «እስረኞቹ አስቀድመው ይለቀቁ»፣ «የለም፣ ባለእጆቹ አስቀድመው ይግቡ» በሚል ክርክር ወራት አለፉና ቅጥረኞቹ ደጋውን ሳያዩ ተመለሱ።

ንጉሡ ይህን ሲጠይቁ ግን ባዕዳን ሠራተኞች አስቀድመው በእጃቸው ነበሩ። ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቀው ጋፋት፣ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ወጣቶች ሰፍረው ነበር፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከእነዚህ መካከል ይቈጠራሉ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨምረዋል። ሚሲዮናውያኑ የመጡት ወንጌልን ይዘው ነው፤ የእጅ ሥራው ለስብከቱ መንገድ እንዲጠርግ ታስቦ ነበር። ንጉሡ ከስብከቱ ይልቅ እጁን ወደዱት። መድፍ ማቅለጥ አናውቅም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። ምድጃው ደጋግሞ ከሸፈ፤ በመጨረሻ ግን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

ለዚህ ሥራ የተሰጣቸው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ቤት፣ በቅሎ፣ ገንዘብና የክብር ልብስ ተሸለሙ። ያገሬው ብረት ሠሪ «ጠይብ» እየተባለ ሲናቅና «ቡዳ» እየተባለ ሲፈራ በኖረበት ምድር፣ እሳትና ብረት የሚነካ ሰው ከንጉሥ ፊት በክብር መቆሙ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። (ክብሩ ግን ለባዕዱ እንጂ ከጎኑ ሆኖ ወናፍ ለነፋውና ድንጋይ ለፈለጠው ወገን አልደረሰም፤ የእነዚያንማ ስም ማን ጻፈው?) ባለእጆቹ በዚያው አገቡ። ቫልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጆች፣ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱትን፣ አገቡ። ሞሪትዝ ሆል ደግሞ የጀርመናዊውን ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርንና የኢትዮጵያዊት ሴት ልጅ ካታሪናን አገባ። ልጆቻቸው በአማርኛ አፍ ፈቱ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የማን አገር ሰዎች ነበሩ? ዛሬ ባዕድ ሠራተኛን የሚያስገባው አሠሪ ዋስ ይሆንለታል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ግን በሕግ ይጻፋል፣ ዘመኑም ይቈጠራል። ለጋፋት ሰዎች አሠሪውም፣ ዋሱም፣ ሕጉም አንድ ሰው ነበር። እርሱ ሲወድ ኖሩ፤ ሲጠረጥር ደግሞ በ1859 ዓ.ም. ንብረታቸው ተወስዶ፣ ጋፋትን ለቀው በደብረ ታቦር በጥበቃ ሥር ዋሉ። እንሂድ ቢሉ ፈቃድ የለም፤ እንቅር ቢሉ ዋስትና የለም። በከፋላ ሥርዓት ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሆኖ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገለች ኢትዮጵያዊት ይህን ኑሮ ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጨረሻው ሥራ መጣ። ሴባስቶፖልን ከነሠረገላው እስከ መቅደላ ማድረስ ነበር። ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ሺህ ክንድ ገመድ እየሳበ ጉዞው እስከ መጋቢት ቈየ። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ከሚያነሱት ጋር አነሡ።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ጦርነት ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ንጉሡ እስረኞቹንም ባለእጆቹንም ከነቤተሰባቸው ወደ እንግሊዝ ሰፈር ሰደዱ። ሚያዝያ 6 ቀን ሕይወታቸው በገዛ እጃቸው አለፈ። ከእርሳቸው ጋር የባለእጆቹ የመኖሪያ መብት ሞተ ማለት ይቻላል፤ የሚያድስላቸው አልነበረም። ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው አብረው ወረዱ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ባሎቹ ወደ መጡበት ዓለም ሲመለሱ፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ግን ከገዛ አገራቸው ወጥተው ስደትን ጀመሩ።

ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ዘልቆ በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ፤ ቈይቶም በቤይሩት አቅራቢያ ለአስፉሪየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረት ጣለ። ሞሪትዝ ሆልና ካታሪና ያፋ ላይ ሰፈሩ። በዚያው በጦርነቱ ዓመት የተወለደችውን ልጃቸውን ማግዳሌና አሏት፤ በአውሮፓውያን አፍ መቅደላ «ማግዳላ» ነበረች። ይህች ማግዳሌና የእንግሊዛዊው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት።