መስቀልና ሰንደቅ፦ ከፍሬሞና እስከ መርካቶ

የአዲስ አበባው መርካቶ የጣሊያን ወረራ ያቋቋመው ገበያ ነው። ፋሽስቱ አስተዳደር ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ባወጣው ፕላን፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ አስነሥቶ «የአገሬው ገበያ» በሚል ስም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው አዲስ ከተማ ገፋው። ያው አስተዳደር በሃይማኖቱም ተመሳሳይ ድልድል ሞክሯል። የሃይማኖቱ ታሪክ ግን ከወረራው እጅግ ይቀድማል፤ በብዙው አፍሪካ ሚሲዮናዊና ገዢ ተከታትለው ሲገቡ፣ በኢትዮጵያ ሚሲዮናዊው ገዢውን አራት መቶ ዓመት ገደማ ቀደመው፤ ያገኘውም ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን የሆነ መንግሥት ነበር።

ኢየሱሳውያን በ1549 ዓ.ም. ደርሰው አድዋ አጠገብ በፍሬሞና ተቀመጡ። ከእነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በትዕግሥት የቤተ መንግሥቱን ልብ አገኘ፤ ዐፄ ሱስንዮስም ካቶሊክ ሆኑ። ተከታዩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የላቲኑን ሥርዓት በአዋጅ ለመጫን ተነሣና አገሩ በደም ታጠበ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ቄስ ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ታየ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ጎባት፣ ክራፕፍ፣ ደ ያቆቢስና ማሳያ ተከታትለው መጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጅ ሥራቸውን ፈለጉ፤ በጋፋት የነበሩትን የሚሲዮን ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሯቸው። እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከባርነት ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ፣ ከአስቴር ጋኖ እገዛ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጀ። የወንጌሉ ባለቤትነት ወደ አገሬው እጅ መግባት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ ፈተነ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ከእስክንድርያ ለይተው የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ሾሙ። ሙስሊሙን ለመሳብ መስጊድ አሠሩ፤ ፕሮቴስታንት ሚሲዮኖችን አስወጥተው የጣሊያን ካቶሊኮችን አስገቡ። ስሌቱ ግን በወላይታ ተገለበጠ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ሲወጡ የተጠመቁት 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከድል በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ቆያቸው። ያለ ገንዘብና ያለ ፈረንጅ፣ በእስርና በግርፋት መካከል የሰበኩት የአገሩ ገበሬዎች ነበሩ።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ሚሲዮንን በልጓም ያዘ። የ1936ቱ ድንጋጌ አገሪቱን «ክፍት»ና የኦርቶዶክስ ብሎ ከፈለ፤ ማስተማሪያውም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ደቡብና ምዕራቡ በሚሲዮን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ብዙ አተረፈ፤ የአካባቢው ቋንቋና ሥርዓተ እምነት ግን ከመንግሥትም ከሚሲዮንም ወገን ተገፋ፤ ይህ ኪሳራ እስከ ዛሬ በቅጡ አልተቆጠረም። 1951 ዓ.ም. ለፕሮቴስታንቱም ለኦርቶዶክሱም ዋና ዓመት ሆነ፦ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአገሬው መሪነት ቆመች፤ አቡነ ባስልዮስም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ደርግ በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ቢገድልም የፕሮቴስታንቱ እድገት አልቆመም፤ በ1999ኙ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከሕዝቡ ከመቶ 18 አለፈ። ለዚህ ቁጥር ከባሕር ማዶ ከመጣው ሰባኪ ይልቅ፣ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረው የአገሩ ወንጌላዊ ድርሻ ይበልጣል።