ቀድሞ ማግኘትና ማዳን ለየቅል ናቸው፦ ከሲዳማ ቀበሌዎች የተማርነው

ወዳጆቼ፣ በተለይም የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «የሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ሐዋሳ ላይ መቼ ይጀመራል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ እየደረሰኝ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ለብዙ ዓመት ያጨሱ ሰዎች ገና ምንም ሳያማቸው በሲቲ ስካን ይታያሉ። «እኛስ?» ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። ግን «ማሽኑ ሲገዛ» ብዬ ልገላገለው አልፈለግኩም። የምርመራውን ታሪክ ካላወቅን ማሽኑ ቢመጣም ምን እንደምናደርግበት ይጠፋናል። ስለዚህ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ቡናችሁን ያዙ። ጥናቶቹ የታተሙት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ዓመቶቹንም በዚያው ነው የማስቀምጠው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከካንሰር ሳይሆን ከቲቢ ነው። በ1936 ማኑኤል ደ አብሬዩ የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም የደረት ራጅን በትንሽ ፊልም የማንሳት ዘዴ አመጣ። ፈጣንና ርካሽ ስለነበር ራጅ በመኪና ተጭኖ ሕዝቡ መሀል ገባ። በ1957 የስኮትላንዷ ግላስጎ በ5 ሳምንት ውስጥ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ራጅ አነሳች። ሰው በሰልፍ ቆሞ ሳንባውን ያሳየበት ዘመን ነበር።

ሆኖም በ1974 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ «ሕዝብን በጅምላ በራጅ መፈተሽ ይቅር» አለ። ምክንያቶቹን ያነበበ የእኛን አገር ጤና ጣቢያ የሚያውቁ ሰዎች የጻፉት ይመስለዋል። ዘዴው ውድ ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። መሣሪያውና መኪናው ብዙ ጊዜ ለወራት ተበላሽቶ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙው ሕመምተኛ በአንዱ ዘመቻና በሚቀጥለው መካከል ስለሚታመም ዘመቻው አያገኘውም። የዘመቻው መኪና መጥቶ ይሄዳል፣ በሽታው ግን እዚያው ከሰዉ ጋር ነው።

በዚያው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ራጅ በሳንባ ካንሰር ላይ እየተሞከረ ነበር። በ1971 በጀመረው የማዮ ክሊኒክ ጥናት 9,211 አጫሽ ወንዶች ተካፈሉ። ግማሾቹ በየ4 ወሩ ራጅና የአክታ ምርመራ እንዲያደርጉ ተደረገ፤ ሌሎቹ በዓመት አንዴ እንዲመረመሩ ብቻ ተመከሩ። በደንብ ከተመረመሩት 206 ካንሰር ተገኘ፣ ከሌሎቹ 160። ታዲያ ስንት ሞተ? በደንብ ከተመረመሩት 122፣ ከሌሎቹ 115። ብዙ ካንሰር ተገኘ፣ ሞት ግን አልቀነሰም!

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ክፍል ውስጥም ተማሪ ሁሉ የሚደናገርባት ቦታ ይህች ናት። አንድ ሰው በ63 ዓመቱ ሳል ጠንቶበት ሲመረመር ካንሰር ተገኘበት፣ በ65 ዓመቱም ሞተ እንበል። «2 ዓመት ቆየ» እንላለን። ይኸው ሰው በቅድመ ምርመራ በ60 ዓመቱ ቢገኝበትና አሁንም በ65 ዓመቱ ቢሞት «5 ዓመት ቆየ» ይባላል። ለሰውዬው ግን አንድ ቀን እንኳ አልተጨመረለትም። የተጨመረለት 3 የጭንቀት ዓመት ነው። ስለዚህ ቅድመ ምርመራ ሲመዘን «ስንት ሰው አገኘን?» ወይም «ከተገኘባቸው በኋላ ስንት ዓመት ቆዩ?» ማለት አይበቃም። የሚጠየቀው «ሞት ቀነሰ ወይ?» ነው።

በሳንባ ካንሰር ላይ «አዎ፣ ቀነሰ» የሚል ጠንካራ መልስ የመጣው በ2011 ነው። በአሜሪካ 53,454 የቆዩ አጫሾች ተከፍለው ግማሾቹ በራጅ፣ ግማሾቹ አነስተኛ ጨረር ባለው ሲቲ ስካን በየዓመቱ ለ3 ዙር ታዩ። በሲቲ ስካኑ ወገን በሳንባ ካንሰር መሞት በ20 በመቶ ቀነሰ። ትልቅ ውጤት ነው። ሌላውን ቁጥር ግን ብዙ ሰው አይጠቅሰውም፦ «አጠራጣሪ ነገር ታይቷል» ከተባለባቸው ውጤቶች 96 በመቶው ካንሰር ሆኖ አልተገኘም። ያንን የሚያጣራ ተጨማሪ ስካን፣ ናሙና የሚወስድ ሐኪም፣ ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት፣ ካንሰር ከሆነም ደረት ከፍቶ የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋል። እዚያ አገር ይህ ሁሉ ነበር። ሕይወት ያተረፈው ሙሉው ሰንሰለት ነው፣ ስካኑ የመጀመሪያዋ ቀለበት ብቻ ናት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ይህንን ሰንሰለት እኛው ሰፈር ሠርተን አሳይተናል። ሐዋሳ ውስጥ እንኳ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ይቆጨኛል።

ከመስከረም 2006 እስከ ሚያዝያ 2008 በሲዳማ ዳሌና ወንሾ ወረዳዎች ውስጥ ባሉ 51 ቀበሌዎች አንድ ጥናት ተካሄደ። ዶክተር ዳንኤል ገመቹ ዳቲኮ እና ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በርንት ሊንድትዮርን የመሩት ነው። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ራሳቸው አክታ ቢሰበስቡና ሕክምናውን ቢከታተሉ ምን ይሆናል? በዕጣ በተመረጡ 32 ቀበሌዎች ይህ ተደረገ፣ በ19ኙ የተለመደው አሠራር ቀጠለ። ይገኛሉ ተብለው ከተገመቱት ሕመምተኞች በ32ቱ ቀበሌዎች 122 በመቶ፣ በ19ኙ 69 በመቶ ተገኙ። ከመቶ በላይ መሆኑ አይግረማችሁ፤ ከግምቱ በላይ ሰው ቤቱ ውስጥ ሲያስል ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ በተለይ በሴቶች ላይ ጎልቶ ታየ። ጤና ጣቢያው ሩቅ፣ የመጓጓዣው ብር የባል፣ ልጁን የሚይዝ የሌለ ሲሆን የምትቀረው እናት ናት። አገልግሎቱ ደጇ ሲመጣላት ግን ተመረመረች።

ከዚያ ነገሩ ሰፋ። ከጥቅምት 2010 እስከ ታኅሣሥ 2011 በዶክተር መሐመድ ያሲን፣ በዶክተር ዳንኤልና በባልደረቦቻቸው መሪነት ሥራው ያኔ ዞን በነበረው ሲዳማ ሁሉ ተዘረጋ። ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትሄድ የሚያስለውን ትለያለች፣ አክታውን እዚያው ስላይድ ላይ ትቀባለች። አስተባባሪው በሞተር ሳይክል እየዞረ ስላይዱን ሰብስቦ ላቦራቶሪ ያደርሳል። ቲቢ ከተገኘ መድኃኒቱ ቀበሌው ድረስ ይሄዳል፣ አብረውት የሚኖሩት ቤተሰቦችም ይታያሉ። ታማሚው አውቶቡስ አልጠበቀም፣ የተጓዘው ስላይዱ ነው።

በ15 ወር 49,857 የሚያስሉ ሰዎች ተመረመሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። 2,262 ሰዎች አክታቸው ላይ የቲቢ ባክቴሪያ ተገኘባቸው። ከ100 ሺህ ሰው በዓመት ይገኝ የነበረው 64 ሕመምተኛ ወደ 127 ደረሰ፤ ለማነጻጸሪያ በተያዘው ሌላ ዞን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ሕክምናቸውን በስኬት የጨረሱት ከ77 ወደ 93 በመቶ ወጡ፣ አቋርጠው የሚጠፉት ከ11 ወደ 3 በመቶ ወረዱ። የተገኘው ሰው ዕጥፍ ሲሆን ሥራ ይበዛና ክትትሉ ይላላል ብለን እንጠብቅ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ምክንያቱም ያገኘችውም የምትከታተለውም አንዷ ልጅ ነበረች፣ ቤቱን ታውቀዋለች፣ ሲጠፋ የት እንደምትፈልገው ታውቃለች።

እንግዲህ የሳንባ ካንሰሩን ጥያቄ በዚህ ሚዛን እንየው።

አንደኛ፣ ሲቲ ስካን እኛ ጋ ምን ያያል? ቲቢ በኖረበት አገር የዳነ ቲቢም ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ሲቲ ስካን ደግሞ ትንሿንም ነጥብ አይምርም። ያ የአሜሪካው የሐሰት ደወል እኛ ጋ ሊበዛ ይችላል ብሎ መስጋት ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ለተገኘበት ሰው ምን እናደርግለታለን? ለ20 ዓመት ያህል በአገራችን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከሐዋሳ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያስታመመ ያውቀዋል። በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት የቅድመ ምርመራ መመሪያ ውስጥ ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ማከሚያ የሌለህን በሽታ በጤነኛ ሰው ላይ አትፈልግ።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? በፍጹም። ማሽን የማይጠይቅ ሥራ ሞልቶናል። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በቤት ውስጥ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎችና በሥራ ቦታ ማጨስን ከልክሏል። እኔ በምኖርበት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ማታ ማታ መጠጥ ቤት የገባ ሰው አዋጁ መኖሩን አይጠረጥርም። የማገዶ ጭስም አለ። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት የቤት ውስጥ የእንጨት ጭስን «ምናልባትም ካንሰር አምጪ» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። የምንመረመርበትን ቀን ስንጠብቅ እናቶቻችን በየቀኑ የሚምጉት እሱን ነው። ሦስተኛው ደግሞ የዘገየ ጥርጣሬ ነው። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ያልተሻለው፣ የሚከሳ፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ ሰው «ቲቢ ብቻ ላይሆን ይችላል» ተብሎ በጊዜ ወደ ስፔሻሊስት እንዲላክ ማድረግ ቅድመ ምርመራ አይባልም፤ ሕይወት ግን ያተርፋል።

ጤና ጣቢያና ወረዳ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ነገ የልገሳ ሲቲ ስካን መጥቶ ሪባን ሲቆረጥ አጨብጭቡ፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፦ ነጥብ የታየበትን ማን ያጣራዋል? ካንሰር ከሆነ ማን ያክመዋል? በመሀል ሲጠፋ ማን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሰጠችው ሲዳማ ውስጥ የስላይድ ሣጥን ይዛ በእግሯ ትሄድ የነበረችው ኤክስቴንሽን ናት። የሳንባ ካንሰር ፖሊሲያችን ሲጻፍ ከእሷ ይጀመር።

በዚያ ዘመን በዚህ ሥራ ውስጥ የነበራችሁ ካላችሁ እስቲ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን፣ ለልጆቹ ይቆይላቸው። ቸር ያሰንብተን።