አንድ ሰዓት፣ ሃያ ዓመት

ካርታ ዘርግቶ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ መስመር ለሚያሰምር ሰው ሥራው ቀላል ነው። ሁለቱም ከተሞች ከ39ኛው የኬንትሮስ መስመር ጥቂት ወደ ምዕራብ ስለሚገኙ እርሳሱ ቀኝና ግራ ሳይል ወደ ሰሜን ይወጣል። የአየር ርቀቱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጉዞውም በጄት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸውና መንገደኛው ከደጋ ተነሥቶ ደጋ ላይ ያርፋል፤ ጋቢውን ማውለቅ እንኳ አያስፈልገውም።

እኔ ከቁጥር ጋር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሂሳብ ሲዘጋ ደስ ይለኛል። የዚህ መስመር ሂሳብ ግን እምቢ ብሎኛል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ በመንገዱ ያረፈው አስመራ ነበር። በደሴና በመቀሌ በኩል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይንገላታ ለነበረ ሰው ይህ ተአምር ነበር። ኤርትራ በ1985 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላም ሰማዩ አልተዘጋም፤ በ1990 መጀመሪያ ናቅፋ እስኪተካው ድረስ የሁለቱም አገሮች መገበያያ ብር ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ተነሣ። በረራው ቆመ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት አገር ተባረሩ ወይም ተሰደዱ፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ ተለያየ።

እነሆ የታሪክ ምጸት! በ1938 ካይሮ ለመድረስ አስመራ ይታረፍ ነበር፤ ከ1990 በኋላ ግን ገንዘቡና ፈቃዱ ያለው ሰው አስመራ ለመድረስ ካይሮን ወይም ሌላ የባዕድ ከተማ መዞር ግድ ሆነበት። በካይሮ በኩል መንገዱ ከ4,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የቀጥታው ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ገንዘቡም ፈቃዱም ለሌለው ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚያሰላ መኪና በእኛ ባንክ የለም።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲቀጥል ተሳፋሪው ከመብዛቱ የተነሣ ሁለት አውሮፕላኖች በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ተነሡ። አስመራ ላይ የተቃቀፉትን፣ ያለቀሱትን ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። ሃያ ዓመት የተጠበቀችው አንድ ሰዓት ያቺ ነበረች።

ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ ከአቅሙ በላይ የሆነ የሥራ ችግር እንደገጠመው ገልጾ የአስመራ በረራውን አቋረጠ። እርሳሱ ዛሬም 700 ኪሎ ሜትር ይላል።

አንድ ሰዓት ነው ይላል የሰማዩ መንገድ፣
ሃያ ዓመት ይላል የጠበቀ ዘመድ፤
ሁለቱም አልዋሹም፣ ልኩ ተለያየ፣
አንዱ ካርታ አይቶ፣ ሌላው በር እያየ።