ጠላቂው ያላጌጠበት ሉል

የጌጣጌጥ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ከባለጌጡ ወገን ነው። ዘውዱን ያሠራው ንጉሥ፣ ሐብሉን ያጠለቀችው እመቤት፣ አልፎ አልፎም ወርቁን ያነጠረው ባለሙያ በስም ይጠቀሳሉ። ጥሬ ዕቃውን ከምድር ሆድ ወይም ከባሕር ወለል ያወጣው ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ ስፍራ አይሰጠውም። ይህ ጉድለት ጎልቶ ከሚታይባቸው ጌጦች አንዱ ሉል ነው። ግእዝ ሉልን «ባሕርይ» ብሎ በመጥራቱ መገኛውን ባሕርን በስሙ ውስጥ አኑሮለታል፤ በክብረ ነገሥትም ሉል ከአዳም ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የንጽሕና ምልክት ሆኖ ቀርቧል። በገበያ የሚሸጠው ሉል ታሪክ ግን ከዚህ ምሳሌ እጅግ የራቀ ነው። ገበያው እንዴት እንደ ሰፋ፣ እንዴት እንደ ወደቀና ዕዳው በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ለመረዳት ከባሕሬን ታሪክ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የገበያው መስፋፋት

ባሕሬን በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የምትገኝ ትንሽ የደሴቶች አገር ናት። በዙሪያዋ ያለው ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሞቃት ባሕር ለሉል ዛጎል የተመቸ በመሆኑ፣ ሕዝቧ ከጥንት ጀምሮ ሉል በማውጣት ሲተዳደር ኖሯል። ሉል የሚፈጠረው ባዕድ ነገር ወደ ዛጎሉ ለስላሳ አካል ሲገባና እንስሳው በሚያብረቀርቅ ልባስ ደራርቦ ሲሸፍነው ነው። ይህ አጋጣሚ በተፈጥሮ እምብዛም ስለማይከሠት አንድ መልካም ሉል ለማግኘት እጅግ ብዙ ዛጎል መክፈት ግድ ይል ነበር። የሉል ዋጋ ከውበቱ ይልቅ የቆመው በዚሁ ብርቅነት ላይ ነው።

የባሕሬን ሉል ለረጅም ዘመን ዋና ገበያው ቦምቤይ ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ግን የፓሪስና የኒው ዮርክ ፍላጎት ገበያውን ተቆጣጠረው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛው፣ በፋብሪካ፣ በባንክና በባቡር ሐዲድ የበለጸገው አዲሱ የኤውሮፓና የአሜሪካ ከበርቴ ከቀድሞው መኳንንት ጋር የሚያስተካክለውን ምልክት መፈለጉ ነው። ሁለተኛው፣ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተገኘው አልማዝ እየበዛ በመሄዱ የአልማዝ ብርቅነት መቀነሱ ነው። አልማዝ ከማዕድን ጉድጓድ በብዛት ሲወጣ፣ ሉል ግን እንደ ቀድሞው በአንድ ሰው ትንፋሽ ልክ ብቻ ይወጣ ነበርና ዋጋው ወደ ሰማይ ወጣ።

የፓሪስ ነጋዴዎችም የቦምቤይን ደላላ እያለፉ በቀጥታ ወደ ባሕረ ሰላጤው መምጣት ጀመሩ። ከታወቀው የጌጣጌጥ ቤት ባለቤቶች አንዱ የሆነው ዣክ ካርቲዬ በ1912 ባሕሬን ድረስ ተጉዟል። ወንድሙ ፒየር ካርቲዬ ደግሞ በ1917 በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና የሚገኘውን የሞርተን ፕላንትን ታላቅ ቤት የገዛው ሁለት ረድፍ የተፈጥሮ ሉል ያለው የአንገት ሐብልና 100 ዶላር በልዋጭ በመስጠት ነው። ሐብሉ በዚያን ጊዜ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። የሉል ገበያ ከፍተኛውን ደረጃ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

የጀልባው ሒሳብ

በኒው ዮርክ ሐብል በቤት ሲለወጥ፣ በሌላው ጫፍ የነበረው ኑሮ ምን ይመስል ነበር? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በመላው ባሕረ ሰላጤ 4,500 ያህል ጀልባዎችና ከ70,000 በላይ ሰዎች በሉል ማውጣት ሥራ ተሠማርተው ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ከ900 በላይ ጀልባዎችና ከ17,000 በላይ ሠራተኞች የባሕሬን ነበሩ።

ታላቁ የጥልቀት ወቅት በበጋው ወራት እስከ መስከረም ይዘልቃል። ጠላቂው አፍንጫውን በቆንጣጭ ይዘጋል፤ በእግሩ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል፤ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ዛጎሉን ከወለሉ ነቅሎ በአንገቱ ባንጠለጠለው መረብ ይሰበስባል። ትንፋሹ ሲያልቅ ገመዱን ይነቀንቃል፤ በጀልባው ላይ ያለው ጎታችም ፈጥኖ ያወጣዋል። ይህ በቀን ውስጥ በአሥራዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። የሁሉም ዛጎል በአንድነት ተከምሮ ያድርና በማግስቱ ንጋት ናኾዳ በሚባለው የጀልባው አዛዥ ፊት ይከፈታል። በዚህም የተነሣ ሉሉ የተገኘው ከማን መረብ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ ጠላቂው ያወጣውን ጌጥ «የእኔ ነው» ሊል ቀርቶ ማውጣቱንም ማረጋገጥ አይችልም።

ክፍያው ደመወዝ አልነበረም። ወጪው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ከሚተርፈው ገንዘብ በብዙ ስፍራ ጠላቂው ሦስት፣ ጎታቹ ሁለት እጅ ይደርሳቸዋል። ነገር ግን ጠላቂው ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ለቤተሰቡ ስንቅ የሚሆን ቅድሚያ ብድር፣ በክረምቱም ወራት ሌላ ብድር ከናኾዳው ይወስዳል። ናኾዳውም በበኩሉ ከነጋዴው ይበደራል። መዝገቡን የሚይዘው አበዳሪው፣ ጠላቂው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ የማይችል ስለ ነበር ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት እየተንከባለለ ያድጋል። ዕዳውን ሳይከፍል ወደ ሌላ ጀልባ መሄድ አይፈቀድለትም፤ ሲሞትም ዕዳው ለልጁ ይተላለፋል። እንግዲህ የሉል ዋጋ በፓሪስ በጨመረ ቁጥር የጠላቂው ኑሮ ይሻሻላል ማለት አልነበረም፤ የሚጨምረው የጀልባው ቁጥርና ለብድር የሚቀርበው ገንዘብ ነበር።

ከጠላቂዎቹ መካከል ባሮችም ነበሩ። ከምሥራቅ አፍሪካና ከኢትዮጵያ በልጅነታቸው ተነጥቀው፣ በቀይ ባሕር ተሻግረው የተሸጡ ሰዎች በባሕረ ሰላጤው ወደቦች ለዚህ ሥራ ይሰማሩ ነበር። ድርሻቸውን የሚቀበለው ጌታቸው ነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ነጻነት ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ወኪሎች ከቀረቡት ሰዎች ቃል የተመዘገበው ሰነድ ይህን ያስረዳል። የኢትዮጵያ ታሪክ ከባሕረ ሰላጤው ሉል ጋር የሚገናኘው በገዢነት ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች ትንፋሽ በኩል ነው።

ሰው ያበቀለው ሉል

ገበያው እንዲህ በተፋፋመበት ወቅት የነገሩ መሠረት በሌላ አገር እየተናደ ነበር። በጃፓን የቶባ ከተማ ተወላጅ የሆነው ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1893 በዛጎል ውስጥ ግማሽ ክብ ሉል ለማብቀል ቻለ፤ በ1899 በቶኪዮ የጊንዛ ሠፈር ሱቅ ከፈተ። ሙሉ ክብ ሉል የማብቀል ዘዴ በታትሱሄይ ሚሴና በቶኪቺ ኒሺካዋ ጥናት ከተገኘ በኋላም ሥራው በስፋት ተያዘ። ዘዴው ከዛጎል የተቀረጸ ድቡልቡል ፍሬና ትንሽ የሌላ ዛጎል ሥጋ በሕይወት ባለው ዛጎል ውስጥ ማኖር ነው፤ የቀረውን ዛጎሉ ራሱ ይሠራዋል። በቶባ አካባቢ ዛጎሉን ከባሕር የሚሰበስቡትና የሚንከባከቡት «አማ» የሚባሉት ሴት ጠላቂዎች ነበሩ።

ይህ ሉል በ1920 ዓመት ግድም በኤውሮፓ ገበያ ሲታይ ታላቅ ሁከት ተፈጠረ። የለንደንና የፓሪስ ነጋዴዎች «ሐሰተኛ ነው» ብለው ጮኹ፤ ጉዳዩ በፓሪስ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ። ነገር ግን ሉሉ ሐሰተኛ አልነበረም። በላዩ ያለው ልባስ ዛጎል የሠራው ነው፤ ውስጡ በመሣሪያ ካልተመረመረ በቀር ከተፈጥሮው ሉል በዓይን የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ነጋዴዎቹን ያስደነገጣቸው የውበት መጓደል ሳይሆን የብርቅነት ማክተም ነው። በዚያው ዘመን የልብስ ፋሽን ተለወጠ፤ ጋብሪኤል ሻኔልን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ከመስታወት የተሠራ አርቲፊሻል ሉል ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ማጥለቅን አስለመዱ። በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ደግሞ ዋናው ገዢ ከገበያው ወጣ።

በዚህ ስፍራ ፍርዱ ቀላል እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። የሉል ዋጋ መውደቅ ለብዙ ሴቶች በር ከፍቷል። ቀድሞ የሚሊየነር ሚስት ብቻ ታጠልቀው የነበረውን ሐብል መምህርትና የቢሮ ሠራተኛም ልትገዛው ቻለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ምርቷን በብዛት ወደ አሜሪካ ትልክ ነበር፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ምርቱ ከመጠን በላይ በዝቶ የውጭ ገበያው ሲቀዘቅዝ የአገር ውስጥ ገዢ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ዛሬ የሉል ሐብል በጃፓን ለሠርግም ለቀብርም የሚደረግ የክብር ጌጥ ነው። ከዚያም በኋላ ቻይና በኩሬ በምታበቅለው ሉል ምክንያት ዋጋው የባሰ ረክሶ ጌጡ በየአገሩ ተራ ገበያ ደርሷል። አንድ ጌጥ ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ለብዙዎች መድረሱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የዚህን መልካም ነገር ዋጋ የከፈለው ሌላ ሰው ነበር።

የ1932 ዓመት

በባሕሬን በ1920ዎቹ የተጀመረው የጥልቀት ሥራ ማሻሻያ ለእያንዳንዱ ጠላቂ የሒሳብ ደብተር እንዲሰጠው፣ የአባት ዕዳም በልጅ ላይ እንዳይወርድ ለማድረግ የታሰበ ነበር። ነገር ግን የቅድሚያ ብድሩ ልክ በመንግሥት ሲወሰን፣ ገበያው እየወደቀ በመሄዱ ልኩ አነሰ። ብድሩ ሰንሰለት ቢሆንም የክረምት እንጀራም እርሱ ነበርና ብዙ ጠላቂዎች ማሻሻያውን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ነጻ የሚያወጣቸው ደብተር የልጆቻቸውን ምግብ የሚቀንስ መስሎ ታያቸው። በ1932 ጠላቂዎች በመናማ ዐመፅ አነሱ፤ ዐመፁም በኃይል ተበተነ።

በዚያው ዓመት ሌሎች ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሚኪሞቶ የገበያውን ክብር ለመጠበቅ ሲል በኮቤ ከተማ ጥራት የጎደለውን ሉል በአደባባይ አቃጠለ። በባሕሬን በረሃ ደግሞ የነዳጅ ዘይት ተገኘ። በአንድ ወገን ሉል ከመብዛቱ የተነሣ ሲቃጠል፣ በሌላው ወገን በዚሁ ሉል የተነሣ ሰው ለዕለት ጉርሱ ያምፅ ነበር። ከጠላቂዎቹም ብዙዎች ባሕሩን ትተው ወደ ዘይት ጉድጓዱ የቀን ሥራ ገቡ። የካርቲዬ ሐብልም በ1957 በጨረታ ሲሸጥ ያወጣው 150,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

የቀረው ዜማ

ባሕሬን ሰው ያበቀለው ሉል በአገርዋ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። በ2017 ደግሞ ሉልና የከበረ ድንጋይ የሚመረምር ብሔራዊ ተቋም አቋቁማለች። የዛሬው የባሕሬን የሉል ጌጥ ገበያ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለሉሉ ብቻ ሳይሆን «ይህ ሉል ሰው ሳያበቅለው ከባሕር ወጣ» ለሚለው የምስክር ወረቀት ጭምር ነው። ቀድሞ ብርቅነት ይሸጥ እንደ ነበረ ዛሬ ታሪክ ይሸጣል። ታሪክ የሚሸጥ ከሆነ ግን ሙሉ ሆኖ መቅረብ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ በጎ ጅምር አለ። በ2012 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የሙሐረቅ ከተማ የሉል ሥራ ቅርስ 17 ሕንፃዎችን፣ ሦስት የዛጎል መገኛ የባሕር ስፍራዎችንና ጀልባዎች ይነሡበት የነበረውን የባሕር ዳርቻ ያጠቃልላል። ከባለጸጋ ነጋዴዎች ያጌጡ ቤቶች ጋር የአንድ ጠላቂ ትንሽ ቤት አብሮ ተጠብቋል።

ከሕንፃው ይልቅ ጠላቂውን የሚያስታውሰው ግን ዜማው ነው። በትልልቅ ጀልባዎች ላይ «ነሃም» የሚባል ዘፋኝ ይቀጠር ነበር፤ መቅዘፊያው ሲሳብ፣ ሸራው ሲሰቀል፣ ገመዱ ሲጎተት ለየሥራው የተለየ ዜማ ያወርዳል፤ ሠራተኞቹም ከደረት በሚወጣ ጥልቅ ድምፅ ይቀበሉታል። በባሕር ዳርም ሥራ በማይኖርበት ወራት ተሰብስበው «ፊጅሪ» የሚባለውን ይህን ዘፈን በጭብጨባ፣ በትንንሽ ከበሮዎችና በሸክላ እንስራ ያጅቡት ነበር። የመጠጥ ውኃ ዕቃቸውን የሙዚቃ መሣሪያ አድርገውታል። ሥራው ከቆመ በኋላም ዜማው ሳይጠፋ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ በ2021 ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የሉል ገበያ ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ነው። የጌጥ ዋጋ በሩቅ አገር ፍላጎት ይወጣል፣ በሩቅ አገር ፋሽን ይወርዳል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ግን ሲወጣም ሲወርድም ከታች ነው። ጠላቂው ካወጣው ሉል አንዱንም አላጌጠበትም፤ የአበዳሪው መዝገብም ያቆየለት ዕዳውን ብቻ ነው። ድካሙን፣ ፍርሃቱንና የጓደኞቹን አንድነት የያዘለት መዝገብ ራሱ የደረሰው ዜማ ነው። የሥራ ዘፈን የሚሰበስቡና የሚያጠኑ ባለሙያዎች በየትም አገር ቢሆኑ የሚያድኑት የዜማ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ሰነድ ያልጻፈለትን የሠራተኛ ታሪክ ነው።