የአጭር ጊዜ ተልእኮና የሕፃናት አደራ፦ ከሄይቲ ማሳደጊያዎች የሚገኝ ትምህርት

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ውጭ አገር የሚልኳቸው የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኞች በሕፃናት ማሳደጊያዎች የሚሰጡትን አገልግሎት ይመረምራል። ዋና ማሳያው ሄይቲ ስትሆን ኢትዮጵያ ማነጻጸሪያ ናት። የመጣጥፉ መከራከሪያ፣ ለሕፃናት የሚደረግ አገልግሎት መለኪያው እንግዳው ከሄደ በኋላ ከሕፃኑ ጋር የሚቀረው ሰው መጠናከሩ ነው የሚል ነው። ይህን መለኪያ ከሕፃናት ሥነ ልቦና ጥናትም ከክርስትናው ትውፊትም ማግኘት ይቻላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ ብዙ ወጣት ክርስቲያኖች ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ወደ ድሃ አገሮች ይጓዛሉ። ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። በደረሱበት ማሳደጊያ ሕፃናትን ያቅፋሉ፣ ያጫውታሉ፣ መዝሙር ያስተምራሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ። የያዕቆብ መልእክት የሙት ልጆችንና የመበለቶችን ችግር ማሰብን ከእውነተኛ አምልኮ ስለሚቆጥር፣ ብዙዎቹ የሚነሡት ከልብ በመነጨ እምነት ነው።

ይህ ቅንነት ግን ከጥያቄ አያድንም። በሚያዝያ 1968 ካህኑና ፈላስፋው ኢቫን ኢሊች ለአሜሪካውያን ተማሪ በጎ ፈቃደኞች ባደረገው ንግግር፣ ቋንቋውንና ኑሮውን የማያውቅ ሰው በመልካም ሐሳብ ብቻ ወደ ሜክሲኮ መንደሮች መግባቱ ጉዳት እንዳለው አጥብቆ ተናግሮ ነበር። የእሱ ሥጋት በዋናነት ስለ አዋቂዎች ነበር። ተቀባዩ ሕፃን ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል፤ ሕፃን እንግዳውን አልፈልግም የማለት አቅም የለውምና።

ወላጅ እያላቸው በማሳደጊያ

ሉሞስ የተባለው የሕፃናት ድርጅት በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በሄይቲ 750 ገደማ በሚሆኑ ማሳደጊያዎች 30,000 ያህል ሕፃናት እንደሚኖሩ፣ ከእነዚህም 80 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ገልጿል። የገንዘብ ምንጫቸውን መከታተል ወደተቻለው አንድ ሦስተኛ ያህል ማሳደጊያዎች ብቻ በዓመት ቢያንስ 70 ሚሊዮን ዶላር ይገባ ነበር። ከለጋሾቹ የሚበዙት የአሜሪካ ክርስቲያኖችና ድርጅቶቻቸው ነበሩ።

እናት በሕይወት ሳለች ልጇ ለምን ማሳደጊያ ይገባል? የሄይቲ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ የግል ናቸው፤ ክፍያ ይጠይቃሉ። ለደብተርና ለደንብ ልብስ የሚሆን ገንዘብ ያጣች እናት፣ ማሳደጊያው ልጇን አብልቶ እንደሚያስተምርላት ሲነገራት እምቢ ለማለት ትቸገራለች። እርዳታው በሕፃናት ቁጥር በሚሰፈርበት ቦታ ደግሞ ማሳደጊያውን ሙሉ አድርጎ ማቆየት ለባለቤቱ ጥቅም ይሆናል። ስለዚህ ልጅ የሚመለምሉ ሰዎች ወደ መንደር ይወርዳሉ። ጎብኚው የሚያየው ቤተሰብ ያጣ ሕፃን ነው። ለዚያ ሕፃን ከቤተሰቡ መለየት ግን ጎብኚው ራሱ የሰጠው ገንዘብ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጥር 12 ቀን 2010 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን አደጋ ለዓለም ገለጠ። በዚያው ወር መጨረሻ 10 አሜሪካውያን የባፕቲስት በጎ ፈቃደኞች 33 ሕፃናትን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊያሻግሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸው ኋላ ታወቀ። አንዳንዶቹ ወላጆች ልጆቻቸውን የሰጡት የተሻለ ትምህርትና ኑሮ እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ነበር። በአፈና የቀረበው ክስ ቢነሣም የቡድኑ መሪ ሕገ ወጥ ጉዞ በማደራጀት ጥፋተኛ ተብላለች። በካምቦዲያም ዩኒሴፍ በ2011 ባወጣው ዘገባ ከ2005 እስከ 2010 የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ ማደጉ ተመዝግቧል። በማሳደጊያዎቹ ከሚኖሩት አራት ሕፃናት ሦስቱ ግን ቢያንስ አንድ ወላጅ ነበራቸው። ማሳደጊያ የበዛው ጎብኚና ገንዘብ በበዛበት ዘመን ነው።

መለያየት የሚያስከትለው ጉዳት

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ጥናት፣ ሕፃን ለአእምሮ ጤንነቱ ከእናቱ ወይም እንደ እናት ከምትሆንለት ሰው ጋር ሞቅ ያለና ያልተቋረጠ ግንኙነት እንደሚያስፈልገው አስረዳ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው እጅግ ጥብቅ ፍተሻ በሮማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተካሄደው ነው። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና በማሳደጊያ ይኖሩ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹን በዕጣ መርጠው ወደ አደራ ቤተሰብ አስገቧቸው፤ የቀሩትም በተለመደው እንክብካቤ ቆዩ። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም በስሜት ትስስርም ብልጫ አሳዩ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ይበልጥ ተጠቀሙ።

ከእነዚህ ጥናቶች መካከል በጎ ፈቃደኞችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ግኝት አለ። በማሳደጊያ ያደጉ ብዙ ሕፃናት የማያውቁትን ሰው ሳይፈሩ ሮጠው ያቅፋሉ፣ እጁን ይይዛሉ፣ አትሂድብኝ ይላሉ። ጎብኚው ይህን እንደ ፍቅር ይቀበለዋል፤ ለመምጣቱም ማረጋገጫ ያደርገዋል። በቤተሰብ ያደገ ትንሽ ልጅ ግን አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እናቱን ወይም አሳዳጊውን ይጠጋል። ለሁሉ እኩል እጅ መዘርጋት የተለየ የእኔ የሚሉት ሰው ማጣት የሚያስከትለው ምልክት ነው። በየወሩ አዲስ ቡድን መጥቶ ከልብ ሲወዳቸው፣ ከልብ ሲሰናበታቸው፣ እነዚህ ሕፃናት የሚያገኙት ተመሳሳይ የመለያየት ልምድ ነው። የበጎ ፈቃደኛው ፍቅር እውነተኛ መሆኑ ጉዳቱን አያስቀርም።

ወጪው ስለ ጉዞው የሚነግረን

ለጉዞው ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ተጓዡ ተለውጦ የዕድሜ ልክ ረዳት ይሆናል የሚለው ነው። ተመራማሪው ከርት ቨር ቢክ በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ የተሠሩ ቤቶችን አጥንቶ ውጤቱን በ2006 አሳትሟል። አንድ ቤት 2,000 ዶላር ገደማ ሲፈጅ፣ አንድ ቡድን ለመምጣት ብቻ 30,000 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። የውጭ ቡድን በሠራላቸውና የአገሩ ክርስቲያናዊ ድርጅት በሠራላቸው ቤተሰቦች ኑሮ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። የተጓዦቹም ልግስና ከጉዞው በኋላ ብዙም አልተለወጠም። ወጪው ለጉዞ መዋሉ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ግን ለሕፃን የተባለ ገንዘብ ሕፃኑን ከቤተሰቡ ጋር የሚያቆይ ሆኖ ሳለ ለሌላ ሲውል መጠየቅ የክርስቲያን ግዴታ ነው።

ትውፊቱ የሚያስተምረው

የተልእኮ ጉዞን ለመተቸት ከክርስትና ውጭ መውጣት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆሙላቸዋል። ይህ ዝምድና ስም ካለው አንድ ልጅ ጋር የሚደረግ ሲሆን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፤ ልጁንም በእምነትና በምግባር የማሳደግ ኃላፊነት አለበት። እንደ ሥጋ ዝምድናም ስለሚቆጠር ጋብቻ ይከለክላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕፃን ፍቅር የሰጠችው መልክ እንግዲህ ቋሚነት ነው።

የዚህ ቋሚነት ምሳሌ አበበች ጎበና ናቸው፤ በረሃብ ዘመን ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ ሄደው፣ በረሃቡ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ። ለዚህም ትዳራቸውንና የተደላደለ ኑሯቸውን አጥተዋል። በ1980 የመሠረቱት ድርጅት ከማሳደጊያ አልፎ ለእናቶች የሙያ ሥልጠናና ለቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጥ ሆነ፤ እሳቸውም በ2021 እስኪያርፉ አልተለዩትም። ጉዞው የጥቂት ቀናት ነበር፤ ከእሱ የተወለደው ኃላፊነት ግን 40 ዓመት ገደማ ዘልቋል።

ምን ይደረግ

ሁሉም አጭር አገልግሎት አንድ አይደለም። በአዲስ አበባው የኪዩር ሆስፒታል እንደሚደረገው የታጠፈ እግር ያለበትን ልጅ የሚያክም ሐኪም ከሕፃኑ ጋር ትስስር ሳይመሠርት ይጠቅመዋል፤ ሙያውን ለአገሩ ሐኪሞች ሲያስተምር ደግሞ ጥቅሙ ከሱ በኋላ ይቀጥላል። ከዚህ መነሻ ሦስት መርሖች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ሕፃናትን የመንከባከብ ሥራ ሊሰጠው አይገባም። አገልግሎቱ ለሚቆዩት አዋቂዎች ይሁን፦ ለሞግዚቶች፣ ለመምህራን፣ ለማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ለሒሳብ ሠራተኞች። ሁለተኛ፣ ላኪው አጥቢያ የሚሰጠውን ገንዘብ ደረጃ በደረጃ ከማሳደጊያ ወደ ቤተሰብ ያዙር፦ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለእናቶች መነሻ ካፒታል፣ ለአደራ ቤተሰቦች ሥልጠና። ማሳደጊያን በድንገት ማስራብ ግን ሕፃናቱን ሁለተኛ መጉዳት ነው። ሦስተኛ፣ ከሕፃናት ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ሰው፣ ሰባኪም ቢሆን፣ የወንጀል መዝገቡ ይመርመር፤ የሕፃናት ጥበቃ ደንብም ይፈርም። ፎቶግራፋቸውም ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አይዋል።

የሕጉ አቅጣጫም ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያዎችን ተቀብሏል። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ በማሳደጊያዎች የሚደረግ በጎ ፈቃደኝነት ለሕፃናት ዝውውርና ብዝበዛ ሊዳርግ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ የሄዱባት ኢትዮጵያም በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ አስቀርታለች። በር መዝጋት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ዘመድ፣ ጎረቤትና አጥቢያ ልጁን እንዲያሳድጉ አቅም መስጠት ነው።

መደምደሚያ

መሄድ የሚሹ ወጣቶችን ቅንዓት ማጥፋት አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን ያለ እነሱ ድሃ ናት። የሚገባው ቅንዓታቸውን ሕፃናቱ ወደሚያተርፉበት መምራት ነው። ላኪው አጥቢያ ከአንድ አካባቢ ጋር ለ10 ዓመት ይተሳሰር፤ ቋንቋውን የሚማሩ ጥቂት ሰዎችን ይላክ፤ የዓመት ሪፖርቱም ስንት ሰው ተጓዘ ከማለት ይልቅ ስንት ልጅ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፣ ስንቱስ ከቤተሰቡ ሳይለይ ቀረ የሚለውን ይቁጠር። ይህን ቁጥር ማሳየት የማይችል አጥቢያ የሚቀጥለውን ጉዞ ከማዘጋጀቱ በፊት ያለፈውን ይመርምር።