ሆስፒታል በተኛ ሕመምተኛ ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ለምን ይወጣል?

ለሌላ ሕመም ሆስፒታል የተኛ ሰው መርፌ በተወጋበት፣ ጉሉኮስ በተተከለበት ወይም በቀዶ ጥገና ቁስሉ ላይ የሚያምና የሚያተኩስ እብጠት ሊወጣበት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ «ብጉንጅ ነው፣ ይፈርጣል» ብሎ ያልፈዋል። መንስኤውን በአጭሩ እንመልከት።

ባክቴሪያ በተበሳ ቆዳ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ይከቡታል፤ የሞቱት ተጠራቅመው መግል ይሆናሉ። በዙሪያው ግድግዳ ስለሚሠራ መድኃኒት በበቂ መጠን ወደ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ ዋናው ሕክምና ባለሙያ ከፍቶ ማፍሰሱ ነው። በእጅ ማፍረጥ ግን ባክቴሪያውን ወደ ደም ሊገፋው ይችላል።

ቀዳሚው መንስኤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። የስኮትላንዱ ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ስታፊሎኮከስን በመግል ውስጥ ያገኘው በ1880 እ.ኤ.አ. ነበር። ከ10 ሰው 3 ያህሉ ሳይታመም በአፍንጫው ይሸከመዋል። ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የተላመደው ዓይነት በሆስፒታሎች ያስቸግራል። ፕሱዶሞናስ፣ ክሌብሲየላና ኢ. ኮላይም በተለይ በቀዶ ጥገና ቁስልና በመቀመጫ አካባቢ ይገኛሉ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የመግል ካልቸር ምርመራ ነው፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መስጠት አይገባም።

ስሙን ከእርድ ሥራው ባገኘው ቄራ ሰፈር ለምንኖር አንድ ነገር እንጨምር። ሥጋና ቆዳ የሚነካ ሰው ላይ የማያም፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ከወጣ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። መግል የለውምና አይበጣም፤ ለሐኪሙ ሥራን መናገር ያስፈልጋል።

የታመመን መጠየቅ የወንድማማችነት ሐቅ ነው። ስንሄድ ግን ከመንካታችን በፊትም በኋላም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ፋሻውን አንነካካ፤ እጃችን ላይ ቁስል ካለ ሸፍነን እንግባ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሚሰፋ ቅላት ካየን፣ በተለይ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ፣ ወዲያው ለነርሷ እንናገር።

ስለ ውዱእ ለሚጠየቀው፦ ቁስሉን ውኃ የሚጎዳው ከሆነ በፋሻው ላይ ማበስ ተፈቅዷል። ከቁስል የሚፈስ መግል በሐነፊዮች ዘንድ ውዱእን ያፈርሳል፣ በሻፊዒዮች ዘንድ አያፈርስም፤ ዝርዝሩን መስጂዳችሁ ያሉ ዑለሞችን ጠይቁ።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሁሉ ሺፋውን ይለግስልን። ወሏሁ አዕለም።